«የካንሰር ክትባት ተገኘ» ሲባል ምን እንረዳ?



በዲሴምበር 2024 ከሩሲያ የጤና ባለሥልጣናት አንድ ዜና ተሰማ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዜናው ኤም አር ኤን ኤ በተባለ ዘዴ የተሠራ የካንሰር ክትባት መዘጋጀቱንና ከ2025 ጀምሮ በዚያ አገር ለሚገኙ ሕመምተኞች ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ነበር። ይሁንና ከአፍ ወደ አፍ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር መልኩ ተቀየረ። አንዱ «ካንሰር መድኃኒት ተገኘለት» አለ፤ ሌላው «ልጆቻችንን አንዴ ካስከተብን ካንሰር አይነካቸውም» ብሎ አሰበ። በምናስተምርበት ትምህርት ቤትም ወላጆች ስለዚሁ ነገር ደጋግመው ጠይቀውናል።

ጉዳዩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ካንሰር ያልጎበኘው ዘመድ አዝማድ በዛሬ ጊዜ ጥቂት ነውና፣ ተስፋ ያዘለ ወሬ ሲሰማ ጆሮ ሁሉ ይቆማል። ስለሆነም በዛሬው ዓምዳችን ይህ አዲስ ሕክምና ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ እስከ ዛሬ ምን እንደታየበትና ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ በቅደም ተከተል ለማስረዳት እንሞክራለን።

ክትባት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ክትባት ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የኩፍኝ ወይም የፖሊዮ ክትባት ነው። ይህም ጤነኛው ሰው በሽታው ሳይዘው በፊት የሚወስደው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ መከላከያ ነው። አሁን በዓለም ላይ ወሬው የተሰማው የካንሰር ክትባት ግን ከዚህ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ የሚሰጠው ካንሰር ለያዘው ሰው ነው፤ በተለይም ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣለት በኋላ ተመልሶ እንዳይመጣበት ነው። ሁለተኛ፣ በጥናት ላይ ካሉት ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ለብቻው የሚሠሩ ናቸው። ለአንዱ የተሠራው ለሌላው አያገለግልም።

ታዲያ ክትባት ለምን ተባለ? የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚያስተምር በመሆኑ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ካንሰሩን አይገድልም፤ ገዳዮቹን ሕዋሳት ጠላታቸው ማን እንደሆነ ያሳያቸዋል።

ለውሑና ዋናው መጽሐፍ

በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ፣ ኒውክለስ በሚባለው እምብርት ዲ ኤን ኤ ተቀምጦ ይገኛል። ሰውነታችን የሚሠራበት መመሪያ ሁሉ የተጻፈው በእርሱ ላይ ነው። ዲ ኤን ኤ ከእምብርቱ አይወጣም። ሕዋሱ አንድ ፕሮቲን መሥራት ሲያስፈልገው ከመመሪያው የሚፈለገው ክፍል ብቻ ተቀድቶ ወደ ውጭ ይላካል። ይህ ቅጂ ነው ኤም አር ኤን ኤ፣ ማለትም መልእክተኛው አር ኤን ኤ የሚባለው። መኖሩ የተረጋገጠውም በ1961 ነው።

ቁርኣን ቤት የቀራ ሰው ለውሕን ያውቃል። ኡስታዙ የዕለቱን ትምህርት በእንጨቱ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ልጁ ደጋግሞ ይቀራዋል፤ ካወቀው በኋላ ለውሑ ይታጠባል። ዋናው መጽሐፍ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም፤ አንድ ፊደልም አልተጨመረበትም፤ አልተቀነሰበትም። ልጁ ዘንድ የቀረው ትምህርቱ ነው። የኤም አር ኤን ኤ ሥራም እንደዚሁ ነው። ፕሮቲን ሠሪዎቹ የሕዋሱ ክፍሎች መልእክቱን ያነቡታል፤ የታዘዙትን ይሠራሉ፤ መልእክቱም ብዙ ሳይቆይ ይፈርሳል።

ሳይንቲስቶች ያሰቡት ይህንን ነው፦ መልእክቱን እኛው ጽፈን ወደ ሕዋስ ብናስገባው፣ ሕዋሱ የምንፈልገውን ፕሮቲን አይሠራልንምን? ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። ከሐሳቡ እስከ ሥራው ግን አሥርተ ዓመታት ፈጅቷል።

ትዕግሥት የጠየቀ ጥናት

ችግሩ ሁለት ነበር። ኤም አር ኤን ኤ ቶሎ የሚፈርስ ነገር በመሆኑ ወደ ሕዋስ ሳይደርስ ያልቃል። በላቦራቶሪ የተሠራው ደግሞ ወደ ሰውነት ሲገባ የመከላከያ ኃይላችን እንደ ባዕድ ቆጥሮት ከፍተኛ ብግነት ያስነሳል።

ይህንን ችግር ይዘው ዓመታት ከታገሉት መካከል ትውልደ ሀንጋሪያዊቷ ካታሊን ካሪኮ ይገኙበታል። ካሪኮ በ1985 ከባለቤታቸውና ከትንሿ ልጃቸው ጋር ከሀንጋሪ ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ፣ መኪናቸውን ሸጠው ያገኙትን ገንዘብ በልጃቸው የአሻንጉሊት ድብ ውስጥ ሰፍተው ነበር የወጡት። አሜሪካ ከገቡ በኋላም ለጥናታቸው ገንዘብ የሚሰጥ በመጥፋቱ በ1995 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ከነበሩበት ማዕረግ ዝቅ ተደረጉ። ቢሆንም ጥናቱን አልተዉም። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በፎቶ ኮፒ ማሽን ዘንድ ከተዋወቋቸው ከሐኪሙ ድሩ ዋይስማን ጋር ሆነው በ2005 መፍትሔውን ይፋ አደረጉ። አር ኤን ኤ ከሚጻፍባቸው አራት ፊደላት አንዱ በትንሹ ሲለወጥ የሰውነት መከላከያ እንደ ባዕድ መቁጠሩን ይተዋል። ሁለቱም በ2023 በሕክምና የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። የመፍረሱን ችግር በተመለከተ ሌሎች ተመራማሪዎች መልእክቱን እጅግ ደቃቅ በሆኑ የስብ ቅንጣቶች ጠቅልሎ ማስገባትን ፈለሰፉ።

በጀርመን አገር ደግሞ ይህንኑ መልእክተኛ ከመጀመሪያው ለካንሰር ያሰቡ ባልና ሚስት ነበሩ። ኡጉር ሻሂን በቱርክ በኢስከንደሩን ከተማ በ1965 ተወልደው፣ በአራት ዓመታቸው በኮሎኝ በፎርድ ፋብሪካ ይሠሩ ወደነበሩት አባታቸው የሄዱ ናቸው። ባለቤታቸው ኦዝለም ቱሬጂ ደግሞ ከኢስታንቡል የመጡ የቀዶ ሐኪም ልጅ ሲሆኑ የተወለዱት እዚያው ጀርመን ነው። ሁለቱ ሐኪሞች በ2008 ከባልደረባቸው ጋር በማይንዝ ከተማ ባዮንቴክ የተባለውን ኩባንያ የመሠረቱት ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የራሱን የካንሰር ክትባት ለመሥራት በማለም ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ያንኑ ዕውቀት ወደ ኮሮና አዞሩት፤ ክትባታቸውም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር መሰጠት ጀመረ። ብዙ ሰው የኮሮናው ክትባት ወደ ካንሰር የተሸጋገረ ይመስለዋል። የእነዚህ ባለሙያዎች መንገድ ግን ከካንሰር ተነሥቶ ወደ ኮሮና የሄደ ነው።

ለአንድ ሰው እንዴት ይሠራል?

ካንሰር ከውጭ እንደሚመጣ ጀርም አይደለም። የራሳችን ሕዋስ ዲ ኤን ኤው ተበላሽቶ ያለ ልክ ሲባዛ የሚፈጠር ነው። የቤት ሌባን ውሻ እንደማይጮኽበት ሁሉ የሰውነት ዘበኞችም ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ያሳልፉታል። ሆኖም ያ ብልሽት በጤነኛው ሕዋስ ላይ የሌሉ የተለዩ ምልክቶችን ይፈጥራል። ምልክቶቹ ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ቢይዛቸው እንኳ የዕጢያቸው ምልክት አንድ አይሆንም።

ሥራው እንግዲህ የሚከተለው ነው። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የዕጢው ዲ ኤን ኤ ከሕመምተኛው ጤነኛ ሕዋስ ዲ ኤን ኤ ጋር ፊደል በፊደል ይነጻጸራል። በኮምፒዩተር እየተረዱ የመከላከያ ኃይሉን ይበልጥ ሊያነቁ የሚችሉት ምልክቶች ይመረጣሉ። የእነዚህ ምልክቶች መመሪያ በኤም አር ኤን ኤ ላይ ተጽፎ በስብ ቅንጣት ይጠቀለልና ለዚያ ሰው ይሰጣል። ሞደርና የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ክትባት እስከ 34 ምልክቶችን የሚይዝ ሲሆን በጡንቻ ይወጋል። የባዮንቴክ ደግሞ እስከ 20 ይይዛል፤ የሚሰጠውም በደም ሥር ነው። የሰውነት ሕዋሳት መልእክቱን አንብበው ምልክቶቹን ሲያወጡ፣ ቲ-ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ያዩአቸዋል፤ ይማሩአቸዋል፤ ከዚያም ያንን ምልክት የተሸከመውን የካንሰር ሕዋስ ፍለጋ ይሰማራሉ።

ከክትባቱ ጋር ብዙ ጊዜ ሌላ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል። ካንሰር ቲ-ሴሎችን የሚይዝበት ልጓም አለውና፣ መድኃኒቱ ያንን ልጓም ይፈታል። እንግዲህ አንዱ ጠላትን ያሳያል፤ ሌላው የዘበኛውን እጅ ይፈታል።

እስከ ዛሬ ምን ታየ?

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ረጋ ብለን እንመልከት።

የመጀመሪያው ሜላኖማ በሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ላይ የተደረገው ሙከራ ነው። ውጤቱ በጃንዋሪ 2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ዕጢያቸው ወጥቶላቸው ካንሰሩ ሊመለስባቸው ይችላል የተባሉ 157 ሰዎች ነበሩ። 107ቱ የሞደርናን ክትባትና ልጓም ፈቺውን መድኃኒት፣ 50ዎቹ ደግሞ መድኃኒቱን ብቻ ወሰዱ። ከ18 ወራት በኋላ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው በሕይወት የቆዩት ከክትባቱ ወገን 79 በመቶ ያህሉ፣ መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት 62 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ከክትባቱ ጋር ተያይዞ የታየው ችግር በአብዛኛው ድካም፣ የተወጉበት ቦታ ሕመምና ብርድ ብርድ ማለት ነው።

ይህ ምን ማለት ነው? መቶ ሰዎችን በአንድ ወገን፣ መቶ ሰዎችን በሌላ ወገን ብናስብ፣ በክትባቱ ወገን 17 ያህል ተጨማሪ ሰዎች ከካንሰሩ መመለስ ድነዋል ማለት ነው። ለእነዚያ 17 ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ክትባቱን ከወሰዱት መቶ ሰዎች ውስጥ ሃያ ያህሉን አልጠቀመም ማለት ነው። ደግሞም 157 ሰው ጥቂት በመሆኑ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል የሚለውን ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ አያስወግድም። ለዚህም ነው ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን የሚያካትት ሌላ ሙከራ በ2023 የተጀመረው።

ሁለተኛው በቆሽት ካንሰር ላይ የተደረገው ነው። ይህ በሽታ ዘግይቶ የሚታወቅና ዕጢው ከወጣ በኋላም በአብዛኛው የሚመለስ ክፉ በሽታ ነው። በኒው ዮርክ በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ሆስፒታል ዕጢያቸው የወጣላቸው 16 ሰዎች ከማይንዝ የተላከውን የየራሳቸውን ክትባት፣ ከልጓም ፈቺው መድኃኒትና ከኬሞቴራፒ ጋር ወሰዱ። በስምንቱ ሰውነት ውስጥ ቲ-ሴሎቹ ትምህርቱን ተቀበሉ፤ በስምንቱ አልተቀበሉም። በ2025 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመው ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ ከሦስት ዓመት በላይ ክትትል ከተደረገ በኋላ ትምህርቱን ከተቀበሉት ስምንት ሰዎች ካንሰሩ የተመለሰው በሁለቱ ብቻ ነው። ካልተቀበሉት ስምንት ግን በሰባቱ ተመልሷል። ክትባቱ ያስተማራቸው ቲ-ሴሎችም ለዓመታት ሊቆዩ እንደሚችሉ ተገምቷል። ለውሑ ታጥቦ ትምህርቱ ቀረ ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን 16 ሰው እጅግ ጥቂት ነው። የሚነጻጸር ሌላ ወገንም አልነበረም። ስምንቱ ቀድሞውኑ የተሻለ የመከላከያ ኃይል ስለነበራቸው ሊሆን ይችላል የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። በመሆኑም በዚህም ላይ ሰፋ ያለ ሙከራ በ2023 ተጀምሯል። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ የአሜሪካም ሆነ የአውሮፓ ኅብረት የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች በገበያ ላይ እንዲውል የፈቀዱት የኤም አር ኤን ኤ የካንሰር ክትባት አልነበረም። መግቢያችን ላይ የጠቀስነው የሩሲያው ዜና ሲነገርም በብዙ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤት ታትሞ አልቀረበም ነበር።

ከወላጆች የቀረቡልን ጥያቄዎች

«ይህ ነገር ዘራችንን አይለውጥምን?» የሚለው ደጋግሞ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ኤም አር ኤን ኤ ዲ ኤን ኤው ወዳለበት የሕዋሱ እምብርት አይገባም። ሥራው ከእምብርቱ ውጭ ነው፤ ሥራውን እንደጨረሰም ይፈርሳል። በለውሕ ላይ የተጻፈ ትምህርት በዋናው መጽሐፍ ላይ እንደማይጻፍ ሁሉ፣ ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነገር የለውም።

«ቀዶ ሕክምናንና ኬሞቴራፒን ይተካልን?» ይህኛው ጥያቄ ይበልጥ ያሳስበናል። አንድ ወላጅ ባለቤታቸው ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ከተሰጣቸው በኋላ «አዲሱ ክትባት እስኪመጣ ብንጠብቅስ? ምላጭ ከምትነካ» ሲሉ አማክረውን ነበር። ፍርሃታቸው ይገባናል። ያልናቸው ግን ይህንን ነው፦ ሁለቱም ሙከራዎች የተደረጉት ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ሰዎች ላይ ነው። ክትባቱ የሚሠራውም ከወጣው ዕጢ በሚገኝ መረጃ ነው። ቀዶ ሕክምናን የተወ ሰው ወደ ክትባቱ የሚወስደውንም መንገድ ዘግቷል ማለት ነው። ክትባቱን ሲጠብቁ ዕጢው አይጠብቅም። ወላጁ ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ ሐኪሟ ሄዱ፤ ቀዶ ሕክምናውም ቀጠሮው ሳይተላለፍ ተደረገ።

«መቼ ይደርሰናል?» ለሚሉን፣ ቀን ቆርጠን መናገር አንችልም። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚሠራ መድኃኒት የዕጢ ናሙና በቅዝቃዜ የሚጠበቅበት፣ ዲ ኤን ኤ የሚነበብበት፣ መድኃኒቱም በሳምንታት ውስጥ ተሠርቶ የሚመለስበት አሠራር ይፈልጋል። አገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የምታገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበረና ሕመምተኛው ከክፍለ ሀገር ተነሥቶ ተራ ይጠብቅ እንደነበረ ለምናውቅ ሰዎች፣ መንገዱ ረጅም መሆኑ ግልጽ ነው። ይህንን የምንለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ሕመምተኛው ዛሬ በእጁ ያለውን ሕክምና ነገ ይመጣል ለሚባለው ብሎ እንዳይለቅ ነው።

በእጃችን ያለው ክትባት

ካንሰርን አስቀድሞ የሚከላከል ክትባት ለሚፈልግ ወላጅ ግን የምሥራች አለ፤ እርሱም አዲስ ዜና አይደለም። የማኅፀን በር ካንሰር ማለት ይቻላል ሁልጊዜ የሚመጣው ኤች ፒ ቪ በሚባል ቫይረስ ነው። የዚህ ቫይረስ ክትባት በዓለም ላይ መሰጠት የጀመረው በ2006 ሲሆን፣ የተሠራበት ዘዴም ኤም አር ኤን ኤ አይደለም። በአገራችን በዲሴምበር 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀመረ። በ2024 ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆኑት በዘመቻ ተሰጥቷል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 አንድ ጊዜ መውሰዱ ብቻ በቂ መከላከያ ሊሰጥ እንደሚችል አስታውቋል። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ሁለተኛውን በአንድ መርፌ ከልጃችን ማራቅ ስንችል፣ ፎርሙ ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ቆይ ይታሰብበታል» እያልን ዓመቱን ማሳለፍ አይገባም። የጉበት ካንሰር ከሚያስከትሉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የሆነውን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የሚከላከለው ክትባትም ከ2007 ጀምሮ በሕፃናት ክትባት ውስጥ ተካትቶ ይሰጣል።

እንግዲህ ለቤተሰብ የምንመክረው ሦስት ነገር ነው። በጡት ላይ የተገኘ እብጠት፣ ያለ ወር አበባ ጊዜ የሚፈስ ደም፣ የማይድን ቁስል ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት ሲያጋጥም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ። የተሰጠን የሕክምና ቀጠሮ በወሬ አለማስተላለፍ፤ አዲስ መድኃኒት መጣ የሚል ዜና ከተሰማም ወረቀቱን ወይም ስልኩን ይዞ ሐኪሙን መጠየቅ። «የካንሰር ክትባት ነው» ተብሎ በግለሰብ እጅ የሚሸጥ ነገር ካጋጠመም ማጭበርበሪያ መሆኑን ማወቅ፤ ከሕመምተኛው ከራሱ ዕጢ የሚሠራ መድኃኒት በሻንጣ ተይዞ ለሽያጭ አይቀርብምና።

ስለ ትላልቆቹ ሙከራዎች ውጤት ሲወጣ በዚሁ ዓምድ እንመለስበታለን፤ ኢንሻአላህ። በዚህ ጉዳይ ላይ ጥያቄ ያላችሁ አንባብያን በዝግጅት ክፍሉ በኩል ጻፉልን። እስከዚያው በሰላም እንሰንብት።